«የለም» እና «አልታየም»፦ የአንድ የጂኖም ፓይፕላይን የሥራ ማስታወሻ

ቀን 1

ዛሬ አዲስ ፓይፕላይን፣ ማለትም ተከታታይ የኮምፒውተር ሥራዎችን አያይዞ የሚያስኬድ ፕሮግራም፣ ከባዶ መጻፍ ጀመርኩ። ሥራው በአጭሩ ይነገራል። የአንድን ሰው ጂኖም ጥሬ ንባብ ይቀበላል፤ መጨረሻ ላይ ሐኪም የሚያነበው ባለ አንድ ገጽ ሪፖርት ያወጣል።

መነሻዬ አንድ ጥያቄ ነው። ባለፈው ሳምንት አብረውን የሚሠሩ ሐኪም ደወሉ። ሪፖርታችን እጃቸው ላይ ነበር። «እዚህ ጋ ‹ምንም አልተገኘም› ይላል። ፈልጋችሁ አጥታችሁ ነው ወይስ መጀመሪያውኑ አላያችሁም?» አሉኝ። ወዲያው መመለስ አልቻልኩም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ፋይል ሳገላብጥ ቆይቼ ነው መልሼ የደወልኩላቸው። ከጀርባቸው መድኃኒት ሊታዘዝለት የተቀመጠ ሰው አለ። ነገሩ ሌሊቱን ሲከነክነኝ አደረ።

ስለዚህ ግቤ አንድ ነው። ሪፖርቱ «የለም» ካለ ተፈትሾ የለም ማለት ይሁን። ያልታየ ነገር ካለ ደግሞ «አልታየም» ብሎ በግልጽ ይናገር።

የምለማመድበት ናሙና ኤችጂ002 ይባላል። ባለቤቱ ጂኖሙ ለሁሉም ክፍት እንዲሆን ፈቅዷል። «ጂኖም ኢን ኤ ቦትል» የተባለው ፕሮጀክት በብዙ ዓይነት ማሽን አንብቦታል፤ መልሱም ተጣርቶ ተቀምጧል። ፈተናን ከነመልሱ እንደማግኘት ነው። በታካሚ ናሙና መለማመድ አልፈልግም። የሰው ሚስጥር ነው፤ በዚያ ላይ ትክክለኛውን መልስ ማንም አያውቀውም።

ቀን 2

ጥሬው ንባብ ወርዶ አለቀ። የሰው ጂኖም ወደ 3.1 ቢሊዮን ፊደል ነው። ማሽኑ ይህን ከዳር እስከ ዳር አያነብም፤ በቁርጥራጭ ነው የሚያነበው። አንዱ ቁራጭ 150 ፊደል ከሆነና እያንዳንዱ ቦታ በአማካይ 30 ጊዜ እንዲነበብ ከተፈለገ፣ ወደ 620 ሚሊዮን ቁራጭ ያስፈልጋል።

ፋይሉ ፋስትኪው ይባላል። ከእያንዳንዱ ፊደል ጋር ማሽኑ በንባቡ ምን ያህል እንደሚተማመን የሚናገር ነጥብ አለ። 20 ከሆነ ከ100 አንዴ ይሳሳታል። 30 ከሆነ ከ1,000 አንዴ፣ 40 ከሆነ ከ10,000 አንዴ።

ይህን ነጥብ በጣም እወደዋለሁ። ማሽኑ ሲጠራጠር ይናገራል። የሚያሳዝነው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። በየደረጃው ጥርጣሬው እየተራገፈ ይሄዳል። ሪፖርቱ ጋ ስንደርስ ጭራሽ አይታይም። ገጹ ላይ ያለው ሁሉ እኩል እርግጠኛ ይመስላል።

ጥራቱን አየሁት። ወደ ንባቦቹ ጫፍ ላይ ትንሽ ይወርዳል፤ የተለመደ ነው። አለፍኩ።

ቀን 3

ማመሳከሪያ ጂኖም መረጣ። የአንድ ሰው ንባብ ከእሱ ጋር እየተነጻጸረ ልዩነቱ የሚታወቅበት የጋራ ጂኖም ነው። በሥራ ላይ በብዛት ያሉት በ2009 የወጣው 37ኛው እትምና በ2013 መጨረሻ የወጣው 38ኛው ናቸው። በ2022 ቲ2ቲ የተባለው ቡድን ክፍተቶቹን የሞላ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተነበበ ጂኖም አሳትሟል። የምንሠራባቸው የሕክምና መረጃ ቋቶች ግን በአብዛኛው የሚናገሩት በ37 ወይም በ38 አድራሻ ነው። 38ን ያዝኩ።

የአድራሻው ነገር የዋዛ አይደለም። ሲዋይፒ2ሲ19 የሚባል ዘረ-መል አለ፤ በኋላ በሰፊው እመለስበታለሁ። በእሱ ላይ ያለ አንድ ወሳኝ ልዩነት በ37ኛው እትም ክሮሞሶም 10 ላይ 96,541,616 ላይ ነው የሚገኘው። በ38ኛው 94,781,859 ላይ። ያው አንድ ፊደል ነው፤ አድራሻው ግን በ1.76 ሚሊዮን ገደማ ይለያያል። በ38 በተሠራ ፋይል ውስጥ የ37ን አድራሻ ብትጠይቁ ኮምፒውተሩ ተሳስታችኋል አይላችሁም። የጎረቤትን ቤት አንኳኩቶ «እዚህ ምንም ችግር የለም» ብሎ ይመለሳል።

ንባቦቹን ማመሳከሪያው ላይ የማሰለፉን ሥራ ለቢደብሊውኤ ሰጠሁት። ሰርቨሩ ላይ ለቀቅኩትና ተኛሁ።

ቀን 5

ጠዋት ውጤቱን ከፈትኩ። ለሕክምና ወሳኝ ናቸው ብዬ በዘረዘርኳቸው ዘረ-መሎች ላይ አንድም ልዩነት የለም ይላል። ፋይሉ ባዶ ነው። የስህተት መልእክት የለም፤ ሁሉም ደረጃ «ተሳክቷል» ብሎ ጨርሷል።

ሊሆን አይችልም። ማንኛውም ሰው ከማመሳከሪያው ከ4 እስከ 5 ሚሊዮን በሚሆኑ ቦታዎች ይለያል። ከዚህ ውስጥ ጥቂቱ እንኳ በእነዚህ ዘረ-መሎች ላይ አለመውደቁ የማይታመን ነው።

ምክንያቱን ለማግኘት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። አንዱ ፋይል ክሮሞሶሙን በቁጥር ብቻ «21» ብሎ ይጽፈዋል። ሌላው ከቁጥሩ ፊት ምህጻረ ቃል ይጨምራል። ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለፕሮግራሙ ግን ሁለት የማይተዋወቁ ስሞች። ሁለቱን ፋይሎች አጋጥም ሲባል የሚጋጠም ነገር አላገኘም። ባዶ ፋይል ሰጠና በሰላም ወጣ።

ይህ ችግር በዚህ ሙያ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። ሌላም ወንድም አለው፤ አንዱ የፋይል ዓይነት ከ0 ይቆጥራል፣ ሌላው ከ1። በአንዲት ፊደል ትስታላችሁ፤ አንዲት ፊደል ደግሞ እዚህ ሥራ ውስጥ ብዙ ነች።

ዛሬ ፓይፕላይኑ ውስጥ የመጀመሪያውን ደንብ ጻፍኩ። ባዶ ፋይል ውጤት አይደለም። ባዶ ከሆነ ሥራው ይቁም፣ ሰው ይጥራ።

ቀን 6

ነጥብ የመስጫ ቀን። ልዩነቶቹን በሁለት መሣሪያ ፈለግኩ። አንዱ ጂኤቲኬ ነው። ሌላው ዲፕቫሪያንት፤ የተደራረቡትን ንባቦች እንደ ምስል አድርጎ በኒውራል ኔትወርክ የሚያነበው። ሁለቱንም ከተጣራው መልስ ጋር አስተያየሁ። በነጠላ ፊደል ልዩነቶች ሁለቱም ከመቶ 99 በላይ አመጡ።

ቁጥሩን ሳየው ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ከዚያ የመለኪያውን መግለጫ እንደገና አነበብኩ። የተጣራው መልስ የሚሸፍነው ከጂኖሙ 92 በመቶ ያህሉን ነው። የቀረው ለማንበብ አስቸጋሪ ስለሆነ አዘጋጆቹ ራሳቸው እርግጠኛ አልነበሩም፤ በታማኝነት ትተውታል። ስለዚህ የእኔ 99 በቀላሉ ሰፈር የተገኘ 99 ነው። በሽታ ደግሞ ሰፈር አይመርጥም።

ቀን 8

ለአስቸጋሪው ሰፈር ሌላ መለኪያ አለ። በ2022 የታተመ ነው፤ ለሕክምና የሚፈለጉ ግን ለማንበብ የሚያስቸግሩ 273 ዘረ-መሎችን ይዟል። የተዘጋጀውም ለዚሁ ለኤችጂ002 ነው። ዛሬ ፓይፕላይኔን በእሱ ፈተንኩት።

ሲቢኤስ ላይ ስደርስ ቆምኩ። በእውነተኛው መልስ ውስጥ ያሉት ልዩነቶች በእኔ ውጤት ውስጥ የሉም።

ሲቢኤስ ሆሞሲስቲን የተባለውን ንጥረ ነገር የሚያስወግድ ኤንዛይም የሚሠራ ዘረ-መል ነው። ሁለቱም ቅጂዎች ሲበላሹ ሆሞሲስቲንዩሪያ የሚባል በሽታ ይመጣል። የዓይን ሌንስ ከቦታው ይንሸራተታል፣ አጥንት ይጎዳል፣ ደም በወጣትነት ይረጋል። ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህሉ በቫይታሚን ቢ6 ይሻላቸዋል። ልብ በሉ፤ ቫይታሚን ነው። ለአንድ ሰው የተመጠነ ሕክምና ሲባል ሁሌ ውድና ረቂቅ ነገር ይታሰበናል። እዚህ ጋ ትልቁ ሥራ ማወቁ ብቻ ነው። የእኔ ፓይፕላይን ደግሞ አያውቅም።

ንባቦቹን በዓይኔ ለማየት አይጂቪን ከፈትኩ። ንባቦች አሉ፤ ግን ሁሉም ገርጥተዋል። የአቀማመጥ መተማመኛቸው 0 ነው። ምክንያቱ ማመሳከሪያው ራሱ ጋ ነው። 38ኛው እትም ላይ በክሮሞሶም 21 አጭር ክንድ ላይ የሲቢኤስ ሁለተኛ ቅጂ በስህተት ገብቷል። እውነተኛ ሰው ውስጥ ያ ቅጂ የለም። አሰላፊው ግን አንድ ንባብ ለሁለቱም ቦታ እኩል ሲገጥምለት የቱ ጋ እንደሆነ አላውቅም ብሎ 0 ይሰጠዋል። ልዩነት ፈላጊው ደግሞ 0 ያለውን ሁሉ ይጥላል። ሁለቱም ደንባቸውን በትክክል ተከትለዋል። ውጤቱ ግን ከጤነኛ ዘረ-መል የማይለይ ባዶ ቦታ ሆነ።

ኬሲኤንኢ1 እና ሲአርዋይኤኤ የሚባሉት ዘረ-መሎችም እዚያው ክሮሞሶም ላይ በተመሳሳይ ችግር ውስጥ ናቸው። የመጀመሪያው የልብን የኤሌክትሪክ ምት የሚመለከት ነው።

መፍትሔው ታትሟል። የተሳሳተውን ቅጂ ማመሳከሪያው ላይ መሸፈን ነው፤ ፊደሎቹን በ«አይታወቅም» ምልክት መተካት። አጥኚዎቹ ይህን ሲያደርጉ በእነዚህ ዘረ-መሎች ላይ የሚያዘው ልዩነት ከ8 በመቶ ወደ 100 በመቶ ወጥቷል። ሸፈንኩት። ሁሉንም እንደገና ለማሰለፍ ሌሊቱን ለቀቅኩት።

ቀን 9

ልዩነቶቹ ወጡ። ትናንት ባዶ የነበረው ቦታ ዛሬ ይናገራል።

ግን አንድ ነገር አላስተኛኝም። ፓይፕላይኔ የሽፋን ፍተሻ አለው። በየዘረ-መሉ ላይ ስንት ንባብ እንዳለ ይቆጥራል፤ ከ10 በታች ከሆነ ያስጠነቅቃል። ትናንት ሲቢኤስ ላይ ለምን አላስጠነቀቀም?

መልሱን ሳገኘው ደነገጥኩ። ንባቦቹ ለሁለቱ ቅጂዎች ስለተከፋፈሉ ከ30ው ግማሽ ያህሉ እዚያ ነበሩ። 15 ከ10 ይበልጣል፤ ስለዚህ «በቂ ነው» አለ። የምቆጥረው ያረፈውን ንባብ ሁሉ ነበር። ልዩነት ፈላጊው የሚጠቀመው ግን የአቀማመጥ መተማመኛው 20ና ከዚያ በላይ የሆነውን ብቻ ነው። ጠባቂዬና ሠራተኛዬ የሚያዩት የተለያየ ነገር ነበር።

አሁን ሁለቱም በአንድ ዓይን ያያሉ። ሞስዴፕዝ በሚባለው የንባብ መቁጠሪያ ፕሮግራም ስቆጥር መተማመኛቸው ከ20 በታች የሆኑትን አስወጣለሁ። የተለወጠው አንዲት ቁጥር ናት። ለእኔ የዚህ ፕሮጀክት ትልቁ ቀን ዛሬ ነው።

ቀን 10

ኮድ አልጻፍኩም። ከላብ ሥራ ወደ ባዮኢንፎርማቲክስ መዞር የምትፈልግ ባልደረባ አለችን። ከሰዓት በኋላ ሙሉ አብረን ተቀመጥን። «ከየት ልጀምር? ፒኤችዲ ግዴታ ነው?» አለችኝ።

የምመልሰውን በደንብ አሰብኩበት። የራስን ጥያቄ ይዞ ምርምር መምራት የሚፈለግ ከሆነ ብዙ ቦታ ፒኤችዲ ይጠየቃል። ፓይፕላይን የሚገነቡ፣ መረጃ የሚተነትኑ፣ ውጤት የሚተረጉሙ ግን ብዙዎቹ በማስተርስ የገቡ ናቸው። ከኮምፒውተር ሳይንስ የመጡም አሉ። ሊኑክስ፣ ፓይተን፣ አር፣ ስታቲስቲክስ፣ የኮድ ታሪክ የሚይዝበት ጊት፤ እነዚህን መሸሽ አይቻልም። እንደ ኔክስትፍሎው ወይም ስኔክሜክ ያለ የሥራ ፍሰት መሣሪያም እንዲሁ።

እሷ ግን ብዙዎቻችን የሌለን ነገር አላት። ናሙና በእጇ ነክታለች። ዲኤንኤ ሲበጣጠስ ምን እንደሚመስል፣ ቱቦ ሲቀያየር ምን እንደሚከተል ታውቃለች። ኮድ ብቻ የሚያውቅ ሰው ፋይሉን እንደ እውነት ይወስደዋል። እሷ ከፋይሉ ጀርባ ያለውን እጅ ታያለች። ይህን እንዳትጥል ለመንኳት።

ሌላም ጠየቀችኝ፤ ጥሩ ጥያቄ ነበር። በምርምርና በሕክምና መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው አለች። በምርምር አዲስ መሣሪያ ሲወጣ ትናንትናውኑ ትሞክሪዋለሽ። በሕክምና ግን እያንዳንዱ የፕሮግራም እትም ይቆለፋል። አንዱን ስትቀይሪ ሁሉንም እንደገና ትፈትኛለሽ፣ ትመዘግቢያለሽ። አንዳንዶች ይህ ያሰለቻቸዋል። እኔ ግን ከዓመት በኋላ ያው ናሙና ያንኑ መልስ ሲሰጥ የማገኘውን እረፍት ከምንም አልለውጠውም።

ቀን 12

ወደ ሲዋይፒ2ሲ19 ተመለስኩ። ይህ ዘረ-መል በጉበት ውስጥ ብዙ መድኃኒቶችን የሚለውጥ ኤንዛይም ይሠራል። አንዱ ክሎፒዶግሬል ነው፤ የልብ ደም ሥር ውስጥ ስቴንት (ሥሩን ክፍት የሚያደርግ ትንሽ ቱቦ) ለገባለት ሰው ደም እንዳይረጋበት የሚሰጥ። ክሎፒዶግሬል ሲዋጥ ገና አልነቃም። የሚያነቃው በዋናነት ይህ ኤንዛይም ነው። ሁለቱም ቅጂዎች የማይሠሩለት ሰው ክኒኑን በሰዓቱ እየዋጠ በቂ ጥቅም ላያገኝ ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2010 በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ ከፍተኛውን ማስጠንቀቂያ ያስቀመጠው በዚህ ምክንያት ነው።

የዘረ-መሉ ዓይነቶች በኮከብና በቁጥር ይጠራሉ። ስታር 2 እና ስታር 3 አይሠሩም። ስታር 17 ከተለመደው በላይ ይሠራል። ስታር 1 መደበኛው ነው።

አደጋው ያለው ስታር 1 ላይ ነው። በተለምዶ ስታር 1 የሚሰጠው ሌላ ነገር ሳይገኝ ሲቀር ነው። እንግዲህ ከቀን 1 ጀምሮ የምለው ነገር እዚህ ጋ ሰው ላይ ይደርሳል። የስታር 2 ቦታ ካልተነበበ ፕሮግራሙ ስታር 2 አላገኘም። ስታር 2 ካላገኘ ስታር 1 ይላል። ሐኪሙ መደበኛ ነው ብሎ ክሎፒዶግሬል ያዝዛል።

አንድ አስገራሚ ነገርም አለ። 38ኛው ማመሳከሪያ በዚህ ዘረ-መል ላይ የያዘው ስታር 1ን አይደለም፤ ስታር 38ን ነው። ስታር 1 ራሱ ከማመሳከሪያው በአንድ ፊደል ይለያል፤ ያ ፊደል 331ኛውን አሚኖ አሲድ ከአይሶሉሲን ወደ ቫሊን ይለውጠዋል። ስለዚህ ማመሳከሪያውን መምሰል መደበኛ መሆን ነው የሚለው ልማድ እዚህ ጋ አይሠራም።

መፍትሔዬ ተራው ቪሲኤፍ ፋይል እንዳይበቃ ማድረግ ነው። ተራው ቪሲኤፍ የሚጽፈው ልዩነት ያለበትን ቦታ ብቻ ነው። ያልተጻፈው ጤነኛ ይሁን ያልተነበበ አይለይም። ጂቪሲኤፍ የሚባለው ግን ከማመሳከሪያው ጋር አንድ የሆነውንም ከነመተማመኛው ይመዘግባል። ሁለት ዜሮ (0/0) ሆኖ ጥልቀቱና መተማመኛው በቂ ከሆነ ታይቷል፣ ልዩነት የለም። በዜሮዎቹ ፋንታ ነጥቦች (./.) ካሉ ወይም ጥልቀቱ 0 ከሆነ አልታየም። ፋይሉ ይገዝፋል። ይግዘፍ።

ሲዋይፒ2ዲ6ን ከሪፖርቱ ለጊዜው አወጣሁት። ኮዴይንን ወደ ሞርፊን የሚለውጠው ኤንዛይም ነው፤ አስፈላጊነቱ አያጠያይቅም። ግን አጠገቡ ሲዋይፒ2ዲ7 የሚባል የማይሠራ መንትያ አለው። በዚያ ላይ ሙሉ ዘረ-መሉ ሊጠፋ ወይም ሊባዛ ይችላል። ለብቻው የተሠራ መሣሪያና ፈተና ይፈልጋል። እስከዚያው ሪፖርቱ ላይ ስሙ ይጻፋል፤ ከጎኑ «አልተመረመረም» ይባላል።

ቀን 14

የሪፖርቱን ቃላት ይዤ ወደ ሐኪሙ ሄድኩ። ጥያቄውን ያነሱት እሳቸው ስለሆኑ መጀመሪያ እንዲያዩት ፈለግሁ።

ሦስት ቃል ነበረኝ፦ «ተገኝቷል»፣ «ተፈትሾ የለም»፣ «አልተነበበም»። ሦስተኛው ላይ ቆዩ። «ይህን ሳይ ምን ላድርግ?» አሉ። አላሰብኩበትም ነበር። እኔ ያሰብኩት እውነቱን ስለመናገር ብቻ ነው። እሳቸው ደግሞ ፊታቸው ሰው ተቀምጧል። አብረን አንድ መስመር ጨመርን፦ «ይህ ቦታ በዚህ ምርመራ አልተነበበም፤ ውሳኔው በዚህ ላይ የሚመሠረት ከሆነ በሌላ ዘዴ ይረጋገጥ።»

የአሚኖ አሲዶቹንም ስም ጠየቁኝ። እኔ በአንድ ፊደል ምህጻር ነበር የጻፍኩት፤ እኛ ዘንድ የተለመደ ነው። ያንን አጻጻፍ ያወጡት የዚህ ሙያ ቀዳሚዋ ማርጋሬት ዴይሆፍ ናቸው፤ ኮምፒውተር ላይ ቦታ ለመቆጠብ። ለሕክምና ሪፖርት ግን ሦስት ፊደሉ ይመከራል፤ እሳቸውም እሱን መረጡ። ቀየርኩት።

ቀን 16

የመጨረሻው ፈተና የባልደረባዬ ሐሳብ ነው። «ላብ ውስጥ ሁሌም ምንም የሌለበት ቱቦ እንጨምራለን። ኮድ ላይ ለምን አናደርገውም?» አለች።

ከጌት-አርኤም ናሙናዎች አንዱን ወሰድን። የዚህ ፕሮግራም ናሙናዎች በብዙ ላብራቶሪዎች ተመርምረው መልሳቸው የታወቀ ነው። የመረጥነው ሁለቱም ቅጂዎቹ ስታር 2 የሆኑ ነው። ከዚያ 94,781,859ን የሚነኩትን ንባቦች በሙሉ ከፋይሉ ሆን ብለን ሰረዝን። እውነቱን እኛ እናውቃለን፤ ፓይፕላይኑ አያውቅም።

መጀመሪያ በድሮው ፓይፕላይን አስኬድነው። «ስታር 1፣ ስታር 1። መደበኛ።» ሁለታችንም ለአፍታ ዝም አልን።

ከዚያ በአዲሱ። ስክሪፕቱ ቆመ። መዝገቡ ላይ የቦታው ጥልቀት 0 መሆኑን ጻፈ፣ የስታር ስም አልሰጠም። በሪፖርቱ ላይ በሲዋይፒ2ሲ19 ፊት «አልተነበበም» አለ፤ ከሥሩም ከሐኪሙ ጋር የጻፍናት መስመር ወጣች።

ባልደረባዬ ፈተናውን ራሷ ወደ ጊት አስገባችው። ከዛሬ ጀምሮ ማንም ኮዱን በነካ ቁጥር ይህ ፈተና ብቻውን ይሠራል። አሁን ያንኑ ለሲቢኤስ እየጻፈች ነው።